ሸኖ ላይ አንድ፣ ጫጫ ላይ ሁለት፦ ዝናብ ያበራቸው የሞተር መብራቶች

ጉዳዩ የአንድ 200 ሲሲ ሞተር ሳይክል ነው። የህንድ ስሪት ነው። ፊውል ኢንጄክሽን አለው፤ ቤንዚኑን በኮምፒውተር እየለካ ይረጫል ማለት ነው። ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስም ከፊትም ከኋላም አለው። ብራንዱን አልጠራም፤ ችግሩ ከፋብሪካ የመጣ አይደለምና። ባለቤቱ የእንስሳት መድኃኒት ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃንና አካባቢው የሚያደርስ ወጣት ነው። መንገዱን ክረምት ከበጋ ይመላለስበታል። እኔ የሞተር ኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ነኝ። ሞተሩ እኔ ጋ የመጣው ሁለት ጋራዥ ካየው በኋላ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ነሐሴ ውስጥ ከአዲስ አበባ ሲነሳ ካፊያ ነበር። ሰንዳፋን አልፎ አለልቱ ሲደርስ ዝናቡ ጠነከረ። ሸኖ ላይ በረዶ ቀላቀለ። ያንን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሜዳው ገላጣ ነው፣ ነፋሱ አይጣል ነው፣ ቆም ብሎ የሚያሳልፉበት ጥላም እንደልብ አይገኝም። ልጁ ቀስ ብሎ መንዳቱን ቀጠለ። ሸኖን እንደወጣ የኤቢኤስ መብራት ቦግ አለ። ፍሬኑን ሞከረው፤ ይይዛል። ጫጫ ሊገባ ሲል ደግሞ አስፋልቱን አቋርጦ የሚሄድ ጎርፍ ገጠመው። ውኃው የጎማውን ግማሽ ይደርሳል። ከዚያ እንደወጣ የሞተር ምስል ያለበት ቢጫ መብራት ተጨመረ። ሞተሩ ግን አልጠፋም። ጉልበቱም አልቀነሰም። ሁለቱም መብራት እንደበራ ደብረ ብርሃን ገባ።

ጠዋት ሲያስነሳው ሁለቱም የሉም።

በዚህ ሥራ ላይ እንደዚህ ዓይነት ጠዋት ብዙ ሰው አሳስቷል። መብራቱ ጠፋ ማለት ችግሩ ጠፋ ማለት ይመስላል። ደብረ ብርሃን ላይ ያየው መካኒክ «ውኃ ገብቶበት ነው፤ ደርቋል፣ ንዳው» ብሎ ሸኘው። አልተሳሳተም። ገንዘብም አልተቀበለውም። ግን ውኃው የት ነው የገባው? ይህን የጠየቀ የለም።

በሳምንቱ ለገጣፎ አካባቢ ዝናብ ያዘው። ሁለቱም መብራት ተመለሱ። አሁን አዲስ አበባ ወዳለ ጋራዥ ወሰደው። እዚያ የሞተሩን ኮምፒውተር የሚያነብ ስካነር አላቸው። ሰኩት፤ የኦክስጅን ሴንሰር የሚል ኮድ ወጣ። ሴንሰሩ ተገዛ፣ ተቀየረ። ዳግመኛ ውኃ እንዳይነካው ተብሎ ሶኬቱ በፌስታል ተጠቅልሎ በናስትሮ ታሰረ። የኤቢኤሱን ነገር ደግሞ ሌላ ሰው ተረከበው። ሞተሩን በመሃል ስታንድ አቆመ፣ ማርሽ አስገባ፣ የኋላ ጎማውን በሞተር አሽከረከረ። የኤቢኤስ መብራቱ በራ። «ይኸው፣ በደረቅም ይበራል፤ ሞጁሉ፣ የኤቢኤሱ ኮምፒውተር፣ ሄዷል» ተባለ። ልጁ የሞጁሉን ዋጋ ሲሰማ ሞተሩን መሸጥ አማረው።

እዚህ ላይ ላቁምና የዚያን ሙከራ ነገር ልናገር፤ በብዙ ጋራዥ አይቼዋለሁና። የኤቢኤስ ኮምፒውተር ሥራው የፊትና የኋላ ጎማን ፍጥነት ማመሳከር ነው። የኋላው ሲሽከረከር የፊቱ ቆሞ ካየ፣ ከሁለት አንዱ ሴንሰር እየዋሸ ነው ብሎ ይደመድማል። ራሱን ያጠፋና መብራቱን ያበራል። በስታንድ ላይ የኋላ ጎማ ያሽከረከረ ሰው ጤነኛ ሞተር ላይም መብራቱን ያበራዋል። ቁልፉን አጥፍቶ አስነስቶ ትንሽ ሲነዱት ይጠፋል። ይህን ይዞ ሞጁል ማስገዛት ግፍ ነው።

እኔ ጋ ሲመጣ

ልጁ ሲገባ የመጀመሪያ ቃሉ «ጋሼ፣ ዝናብ ሲነካው ሁለቱም አንድ ላይ ነው የሚበሩት» የሚል ነበር። አንድ ላይ መሆናቸውን ደጋግሜ ጠየቅኩት። ሲያስታውስ ነገሩ ሌላ ሆነ። ሸኖ ላይ ኤቢኤሱ ብቻ ነው። የሞተሩ መብራት የመጣው ከጎርፉ በኋላ ነው። ለገጣፎም ላይ ኤቢኤሱ ቀድሟል። ለእኔ ይህ ከስካነሩ በላይ ዋጋ ነበረው። ሁለት መብራት አብሮ ቦግ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጋራ ነገር ነው፤ ባትሪ፣ ፊውዝ፣ የመሬት ሽቦ። ተራ በተራ ከመጡ ግን ሁለት ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል።

ቀጥዬ ጠየቅኩት። «ከዝናቡ በፊት ሞተሩን ማን ነካው?»

«ማንም» አለ። ከዚያ ትንሽ አሰበና «ሐምሌ ላይ ሰርቪስ አድርጌዋለሁ» አለ። ምን ምን ተሠራ? የፊት ጎማ ኩሽኔታ ተቀይሯል። የማርሚታው ጓርኒሲዮን ይተነፍስ ስለነበር እሱም ተቀይሯል።

ሥራው ለእኔ ግማሽ ያለቀው እዚህ ጋ ነው። የፊት ጎማ ሲፈታ የፊት ኤቢኤስ ሴንሰር ይነካል። ማርሚታ ሲፈታ የኦክስጅን ሴንሰር ሶኬት ይለያያል። የበሩት ሁለቱ መብራቶችም የእነዚህ የሁለቱ ናቸው። ዝናቡን ብቻ የሚወቅስ ሰው ይህን አያገኘውም። ፋብሪካው እነዚህን ሶኬቶች ሲሠራ ዝናብ እንደሚኖር ያውቃል፤ ህንድም ሞንሱን የሚሉት ክረምት አለ። ውኃ የሚገባው ሰው በከፈተውና መልሶ በደንብ ባልዘጋው በኩል ነው። ሁልጊዜ ነው አልልም። ግን ከዚያ ብጀምር ብዙ ጊዜ አተርፋለሁ።

ድሮ እንዲህ ዓይነት ደንበኛ አይመጣም ነበር። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ዝናብ ሲገባበት መብራት አያበራም፤ ቀጥ ይላል። የካንዴላ ቆቡን አውልቆ በጨርቅ አድርቆ መቀጠል ነው። ህንድ ከ125 ሲሲ በላይ ለሆኑ ሞተሮች ኤቢኤስን ግዴታ ያደረገችው እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2018 ለአዳዲስ ሞዴሎች፣ ከኤፕሪል 2019 ደግሞ ለሁሉም ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 የጭስ ደንቡን ስታጠብቅ ፊውል ኢንጄክሽንና የኦክስጅን ሴንሰር በርካሽ ሞተሮችም ላይ መጡ። እነዚያ ሞተሮች ናቸው አሁን እኛ ጋ ክረምቱን የሚያሳልፉት። መብራታቸው በዛ። መብራቱን የሚያነብ ሰው ግን በዚያው ልክ አልበዛም።

ለማንኛውም የጋራ የሆነውን ነገር አስቀድሜ አጣራሁ። ባትሪው ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት ነው። ተነስቶ ጋዝ ሲሰጠው 14.1 ይሰጣል። ተርሚናሎቹ ጠብቀዋል። ፊውዞቹ ደህና ናቸው። ይህ በደቂቃ ያልቃል፤ ሳያደርጉት ወደ ሴንሰር መሄድ ግን ልክ አይደለም።

የሞተሩ መብራት

ስካነሩን ሰካሁ። ኮዱ ያው የኦክስጅን ሴንሰር ነው። ሁለተኛው ጋራዥ ያነበበው እስከዚህ ድረስ ነው። ኮዱ ግን ይቀጥላል፤ «የሴንሰሩ ቮልቴጅ ከፍ ብሏል» ይላል። ጨዋታው ያለው እዚህ «ከፍ ብሏል» ላይ ነው።

የኦክስጅን ሴንሰር ማርሚታው አንገት ላይ የሚገባ ነው። ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን እያነጻጸረ ራሱ ትንሽ ቮልቴጅ ያመነጫል። ቤንዚን ሲያንስ ወደ 0.1 ቮልት ይወርዳል። ሲበዛ ወደ 0.9 ይወጣል። ከዚያ በላይ ማመንጨት አይችልም፤ ተፈጥሮው አይፈቅድም። እኔ ከተመዘገበው ዳታ ያየሁት 1.4 ነው። ታዲያ ያ ትርፍ ቮልቴጅ ከየት መጣ? ከሴንሰሩ ሊሆን አይችልም። ከውጭ ነው የመጣው።

ሴንሰሩ አራት ሽቦ አለው። ሁለቱ የማሞቂያው ናቸው፤ ሴንሰሩ ቀዝቃዛ ሆኖ አይሠራምና ውስጡ በባትሪ የሚሞቅ ማሞቂያ አለ። አንዱ የመሬት ነው። አንዱ የሲግናሉ ነው። እንግዲህ አንድ ትንሽ ሶኬት ውስጥ 12 ቮልት የሚሸከም ፒንና ከ1 ቮልት በታች የሚናገር ፒን ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በመካከላቸው ጭቃ የቀላቀለ ውኃ ከገባ ከትልቁ ወደ ትንሹ ጥቂት ይሾልካል። ጥቂት ነው፤ ግን ሲግናሉ ራሱ ጥቂት ስለሆነ ይበቃዋል። ኮምፒውተሩ የማይሆን ቁጥር ያያል። ሴንሰሩን ማመን ያቆማል። በራሱ የተያዘ ልኬት ቤንዚን እየሰጠ መብራቱን ያበራል። ልጁ ጉልበት አልቀነሰም ያለው ለዚህ ነው። የሚቀየረው ቢኖር የነዳጅ ፍጆታው ነው፤ እሱም በአንድ ጉዞ አይታወቅም።

ሶኬቱን ፈለግኩት። ከሞተሩ በስተቀኝ፣ ከፍሬሙ ጋር መያዣ አለው። መያዣው ባዶ ነው። ሶኬቱ ዝቅ ብሎ፣ ከፊት ጎማ የሚረጨው ውኃ በቀጥታ የሚደርስበት ቦታ ተንጠልጥሏል። ናስትሮውን ቆርጬ ፌስታሉን ስፈታው ውኃ ተንጠባጠበ። ከትናንት ጀምሮ ዝናብ አልነካውም ነበር። የሶኬቱ መቆለፊያ ጠቅ ብሎ አልገባም። አላቀቅኩት። ውኃ የሚከለክለው ቀጭን የጎማ ቀለበት ተጠቅልሎ አንድ ጎኑ ከቦታው ወጥቷል። ቀለበቱ ያለው በሴንሰሩ በኩል ሳይሆን ከሞተሩ በሚመጣው ሽቦ በኩል ባለው ግማሽ ላይ ነው። ለዚህ ነው ሴንሰር ቢቀየርም ያልተፈታው። አዲሱ ሴንሰር ከዚያው ከተበላሸው ግማሽ ጋር ነው የተገናኘው። የማሞቂያው ፒን ጫፍ አረንጓዴ ይዟል።

ጥርጣሬን እውነት ለማድረግ መሞከር አለበት። ሶኬቱን በኮንታክት ክሊነር አጥቤ አደረቅኩት። ቀለበቱን ሳላስተካክል መልሼ ሰካሁት። ሞተሩን አስነስቼ አሞቅኩት። የሲግናሉ ቁጥር ከፍ ዝቅ እያለ ይጫወታል፤ ጤነኛ ነው። የፀጉር ቤት ዓይነት መርጫ ጠርሙስ ይዤ መጀመሪያ ኮይሉ ላይ ረጨሁ። ምንም። ጋዝ ሴንሰሩ ላይ ረጨሁ። ምንም። ሶኬቱ ላይ ስረጭ ቁጥሩ መጫወቱን አቆመና 0.9ን አልፎ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ መብራቱ በራ። ልጁ አጠገቤ ቆሞ «በቃ ይኼ ነው?» አለ። ይኼ ነው።

ስለ ፌስታሉ አንድ ነገር ልበል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ግማሹ ሞተር በፌስታል ታስሮ ነው የሚመጣው። ፌስታል ውኃ እንዳይገባ ይከለክላል ተብሎ ይታሰባል። ሽቦው በሚገባበት በኩል ግን ሁልጊዜ ክፍት ነው። በዚያ የገባው ውኃ ደግሞ መውጫ የለውም። ያልተጠቀለለ ሶኬት ቢያንስ በነፋስ ይደርቃል። የሁለተኛው ጋራዥ ፌስታል ሶኬቱን ውኃ ውስጥ ነው ያሳደረው።

ግሪስስ? ለሌላ ሶኬት የኤሌክትሪክ ግሪስ ጥሩ ነው። ለኦክስጅን ሴንሰር ግን ተጠንቀቁ። ይህ ሴንሰር ጭሱን የሚያነጻጽረው ከውጭ አየር ጋር ነው። በብዙዎቹ ላይ ያ አየር የሚገባው በራሱ ሽቦና ሶኬት በኩል ነው። በግሪስ ከደፈኑት ትንፋሽ ያጥረውና ውሸት ማንበብ ይጀምራል። እኔ ፒኖቹን አጽድቼ፣ ቀለበቱን በአዲስ ተክቼ፣ መቆለፊያው ጠቅ እስኪል ገፍቼ መያዣው ላይ መለስኩት። ሌላ ምንም አልጨመርኩም።

የኤቢኤሱ መብራት

ይህኛው ቀለል ያለ ነበር፤ የሚያስፈራው ግን እሱ ነው። በዝናብ ቀን ኤቢኤስ የሌለው ሞተር ላይ መሆንህን ካላወቅህ ፍሬን በለመድከው ልክ ትረግጣለህ።

ስካነሩ የፊት ጎማ ፍጥነት ሴንሰር አለ። ሴንሰሩ ጥርስ ካለው ቀለበት አጠገብ ይቀመጣል። ቀለበቱ ከጎማው ጋር ይዞራል፣ ሴንሰሩ ጥርሱን ይቆጥራል። የሴንሰሩ ሽቦ ከፍሬኑ ቱቦ ጋር አብሮ በፎርኩ ላይ ወደ ላይ ይወጣል። ፓርፋንጎው ጋ የሚይዘው ትንሽ ክሊፕ አለ። ክሊፑ የለም። ኩሽኔታው ሲቀየር ወልቆ ሳይመለስ ቀርቷል። ሽቦው ወደ ውስጥ ጎበጥ ብሎ ሞተሩ ጉድጓድ ሲገባ ጎማው እየነካው ኖሯል።

በባትሪ መብራት አየሁት። የጥፍር ያህል ርዝመት ያለው ቦታ ተሞርዶ ያብረቀርቃል። የውጭው ሽፋን አልቋል። ከውስጥ ካሉት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች የአንዱ መዳብ ይታያል፤ ጠቁሯል። አልተቆረጠም። በቴስተር ብትለካው ደህና ነው የሚልህ። ደረቅ ቀን ላይም ደህና ነው። አብዛኞቹ የአሁን ሴንሰሮች የሚናገሩት በቮልቴጅ ሳይሆን በከረንት ነው። ጥርስ ሲመጣ 14 ሚሊ አምፒር፣ ጥርስ ሲያልፍ 7። በተላጠው መዳብና በፎርኩ ብረት መካከል የጭቃ ውኃ ከተዘረጋ በዚያ በኩል የሚሾልከው ይህን ልዩነት ያደበዝዘዋል። ኮምፒውተሩ ጥርሱን መቁጠር ያቅተዋል። የኋላው ጎማ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት እያለ የፊቱ ዜሮ ይላል። ውጤቱ ስታንዱ ላይ እንደተደረገው ነው።

የፊቱን ጎማ አነሳሁ። ረዳቴ በእጁ አሽከረከረው። ስካነሩ ላይ 6፣ 7 ኪሎ ሜትር ያሳያል። የተላጠው ቦታ ላይ ስረጭበት ጎማው እየዞረ ቁጥሩ ዜሮ ገባ። ሲደርቅ ተመለሰ።

ቅደም ተከተሉም ገጠመ። ሽቦው ያለው የፊት ጎማው አጠገብ ስለሆነ ተራ ዝናብ ይበቃዋል። የኦክስጅኑ ሶኬት ወደ ኋላ ስለሆነ እስኪሞላ ብዙ ውኃ ይፈልጋል። ለዚህ ነው አንዱ ሸኖ፣ ሌላው ጫጫ ላይ የበራው።

ሞጁሉ ምንም አልሆነም። የሚቀየረው ሴንሰሩ ከነሽቦው ነው፤ አንድ ዕቃ ሆኖ ነው የሚሸጠው። በገበያ ላይ ወዲያው አልተገኘም። ቆርጦ መበየድ ይቻላል የሚል ሰው አለ። የፍሬን ሲግናል የሚሄድበትን ሽቦ፣ ያውም ከፎርኩ ጋር ቀኑን ሙሉ ከሚንቀሳቀስ ቦታ ላይ፣ ቆርጬ አልበይድም። መዳቡን አጽድቼ ራሱ ላይ በሚጣበቅ የሲሊኮን ቴፕ ሁለቱን ሽቦ ለየብቻ፣ ቀጥሎ አንድ ላይ ጠቀለልኩ። ሽቦውን ወደ ቦታው መልሼ በአዲስ ክሊፕ አሰርኩት። መሪውን ግራ ቀኝ ዞርኩት፤ ፎርኩን ወደ ታች ተጫንኩት። ጎማው አይነካውም። ይህ ዕቃው እስኪመጣ ነው፤ ለልጁም እንዲሁ ነግሬዋለሁ።

እስከዚያ መብራቱ ዝናብ ውስጥ ቢበራስ? የተለመደው ፍሬን ይሠራል፤ የሚጠፋው ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ነው። ስለዚህ ፍጥነት መቀነስ፣ ከፊት ካለው መኪና መራቅ፣ ፍሬኑን ድንገት ሳይሆን እየጨመሩ መያዝ። ቀለም የተቀባ መስመርና ሐዲድ ላይ ፍሬን አለመንካት። ቁልፉን አጥፍቶ ማስነሳት ይቻላል፤ ኮምፒውተሩ እንደገና ይመረምራል። መብራቱ ሲያስነሱ በርቶ ትንሽ ሲነዱ ከጠፋ ጤነኛ ነው። ሲያስነሱት ጭራሽ ካልበራ ግን አምፖሉን የነቀለው ሰው ሊኖር ይችላል። ሞተር ሲሸጥ እንዲህ የሚደረግበት ጊዜ አለ፤ የምትገዙ ሰዎች ቁልፉን ስትከፍቱ እዩት።

ኮዶቹን አጥፍቼ ሰጠሁት። በሚቀጥለው ዶፍ ሰንዳፋ ድረስ ነድቶት ደወለልኝ። የሞተሩ መብራት አልበራም። የኤቢኤሱም አልበራም። ከዚያ በኋላ አንዴ ጫጫ አጠገብ ወደ ገጠር የሚያስገባ የጭቃ መንገድ ላይ ኤቢኤሱ በርቶበት ነበር። ፎቶ ላከልኝ፤ ጥርሳሙ ቀለበት ጭቃ ጎርሶ ጥርሱ አይታይም። በውኃ ለቀለቀው፣ አስነሳው፣ ጠፋ።

የፊት ሴንሰሩን ከነሽቦው አዟል። ከማርሚታው ላይ ያለ ጥፋቱ የወለቀውን አሮጌ የኦክስጅን ሴንሰርም ይዞልኝ መጣ። ሰክቼ አየሁት፤ ከ0.1 እስከ 0.9 ይጫወታል። መለዋወጫ አድርጎ መቀመጫው ሥር አስቀምጦታል።